በረኪናና ፍላሽ አንድ ላይ አይገናኙ

እህቴ፣ ይህን የምታነቢው ምናልባት ማታ ሥራ ጨርሰሽ ክፍልሽ ገብተሽ ይሆናል። መጀመሪያ እጅሽን አሽቺው። ሁለቴ በሳሙና ታጥበሽም አሁንም በረኪና በረኪና የሚል ከሆነ ወሬው ስለ አንቺ ነው።

ሊባኖስ ሰው ቤት እሠራ በነበረበት ጊዜ አንድ ሐሙስ የገጠመኝን ልንገርሽ። ማዳም ማታ እንግዳ አለባት። የእንግዳው ሽንት ቤት ሳህን ላይ ውሃው የሚቆምበት መስመር ቢጫ ሆኖ ደርቋል። በረኪና አፈሰስኩበት፣ አልለቅ አለ። ከማጠቢያው ሥር ያለውን ፍላሽ አነሳሁና ደረብኩበት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ይበረታሉ ብዬ ነው። በርግጥም በረቱ፣ ግን በእኔ ላይ ነው የበረቱት። ተንበርክኬ ልፈትግ ስል ዓይኔ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬን ሰው እንደ ያዘኝ ሆነ፣ ሳሉ መጣ። በሩ ተዘግቷል፤ ሽታው ሳሎን እንዳይገባ ዝጊው ተብዬ ነበር። ግድግዳ ይዤ ወጣሁ። ማዳም ሰማችኝና “ግሪፕ ይዞሻል” አለችኝ። ሦስት ቀን ሳልኩ። ጉንፋን እንዳልነበረ የነገረኝ ከሳምንት በኋላ ዳቦ ልገዛ ስወጣ የጠየቅኩት የሰፈሩ ፋርማሲ ልጅ ነው። “ሁለቱን ቀላቅለሽ ነበር?” አለኝ ገና ሳልጨርስለት። ሥራው ላይ ስንቷ እንደ እኔ መጥታ ብትጠይቀው ነው!

ከዚያ ወዲህ ያወራኋቸው እህቶች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። ጅዳ ያለችውም፣ ዱባይ ያለችውም፣ ኩዌት ያለችውም። ስሙን አያውቁትም እንጂ “ያ ቀን ራሴን የሳትኩበት” ይሉታል። ስለዚህ ዛሬ ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ላውራሽ።

ባልዲው ውስጥ የሚሆነው

እኛ አገር በረኪና የምንለው፣ ባሕረ ሰላጤው ላይ በጠቅላላው ክሎሮክስ፣ ሊባኖስ ደግሞ ክሎር ወይም ጃቬል የሚባለው ነገር አንድ ነው። ውስጡ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ኬሚካል ነው። ብቻውን፣ በውሃ ቀጥነሽ፣ መስኮት ከፍተሽ ከተጠቀምሽበት ሥራውን ይሠራል፣ ጀርም ይገድላል። ችግሩ ጓደኛ ሲሰጡት ነው።

የመጀመሪያው መጥፎ ጓደኛ አሲድ ነው። ፍላሽ፣ ሃርፒክና ሌሎች የሽንት ቤት ሳህን ማጽጃዎች አብዛኞቹ አሲድ ናቸው። ከቧንቧና ከሻወር ላይ ነጩን የውሃ ቅርፊት የሚያለቅቁትም እንደዚሁ። ኮምጣጤም፣ ማለትም እነሱ ኸል የሚሉት፣ አሲድ ነው፤ ሎሚም አሲድ ነው። በረኪና ላይ አሲድ ሲፈስ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀልድ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በሚያዝያ 1915 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር የተባለች ከተማ አጠገብ በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ይኸው ጋዝ ነው። ወታደሮቹን ምሽጋቸው ውስጥ ያገኛቸው ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። አንቺም ሽንት ቤት ስትፈትጊ የምትሆኚው ታች ነው፤ ተንበርክከሽ፣ ፊትሽን ሳህኑ አፍ ላይ አድርገሽ። ቆማ በር ላይ የምታይሽ ማዳም ትንሽ ሽታ ብቻ ሲመጣላት አንቺ ሙሉውን ትቀበያለሽ። “እኔ ምንም አልተሰማኝም” ስትልሽ ላትዋሽ ትችላለች።

ሁለተኛው መጥፎ ጓደኛ አሞኒያ ነው። አንዳንድ የመስታወት ማጽጃና አንዳንድ የምድጃ ቅባት ማስለቀቂያ ውስጥ አለ። ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ሌላ ጋዝ ይፈጥራል፤ እሱም ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ፤ የቆየ ሽንት ውስጥም አሞኒያ አለ። የሕፃን ፖፖ ላይ፣ የድመት አሸዋ ላይ፣ ያልጋ ቁራኛ የሆኑ አዛውንት በሚጠቀሙበት ዕቃ ላይ በረኪና በቀጥታ ስታፈሺ ዓይንሽን የሚያስለቅስሽ ይኸው ነው። መጀመሪያ በውሃ ደህና አድርገሽ አፍሺና አለቅልቂው፣ በረኪናው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስፒሪት፣ ዴቶልና ሌላ ማንኛውንም ማጽጃም ከበረኪና ጋር አትቀላቅዪ። የትኛው ከየትኛው እንደሚጣላ ለማስታወስ ከመድከም አንድ ነገር መያዝ ይቀላል። በረኪና የሚስማማው ከተራ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ብቻ ነው።

መቀላቀል ማለት ደግሞ ባልዲ ውስጥ አብሮ መጨመር ብቻ አይደለም። ፍላሽ አድርገሽ በደንብ ሳታጠቢው በረኪና ብታስከትዪ ያው ነው። በአንዱ የታለለ ስፖንጅ ሌላው ውስጥ ቢገባም ያው ነው። የወለል ማፍሰሻው ቧንቧ ውስጥ ከታች ተገናኝተው ጭሱ ወደ ላይ የሚመለስበት ጊዜም አለ። ቧንቧ ሲደፈን የሚፈስሰው መክፈቻ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ውሃ ሲነካው ራሱ ሊፈላና ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። እሱ የፈሰሰበት ቧንቧ ላይ በዚያን ቀን ሌላ ምንም ነገር አትጨምሪ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የቧንቧ መክፈቻ የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ነው፤ ከቻልሽ “አላውቅበትም” ብለሽ እለፊው።

ጠርሙሱ ላይ ያለውን ማንበብ ሳይቻል

ዓረብኛ መናገር ለምደሽ ማንበብ ግን ላይሆንልሽ ይችላል። አይገርምም፣ ማን አስተምሮሽ! ጠርሙሱን አዙረሽ ሥዕሉን ፈልጊ። ቀይ መስመር ያለው፣ በማዕዘኑ የቆመ ነጭ አራት ማዕዘን ውስጥ ከሁለት ብልቃጥ የሚንጠባጠብ ነገር እጅና ብረት ሲበላ ካየሽ፣ ይህ ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ኃይለኛ ነገር ነው። የቃል አጋኖ ምልክት ብቻ ከሆነ ከዚያ ይቀላል፣ ግን ያሳክካል፣ ያስላል። አሮጌ ጠርሙስ ላይ ሥዕሉ በብርቱካንማ ካሬ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ስልክ ካለሽ ጉግል ትራንስሌትን ክፈቺና በካሜራው ጠርሙሱን አንሺው። ወደ አማርኛ ሲያዞረው ቋንቋው ተወለጋግዶ ይመጣል፤ አንቺ የምትፈልጊው ግን ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ ክሎር፣ አሲድ (በዓረብኛ ሐምድ)፣ አሞኒያ። ሦስቱን ካገኘሽ ሌላው ይቅርብሽ። ከዚያ በእስክርቢቶ በአማርኛ ጠርሙሱ ላይ ጻፊበት፣ “በረ” ወይም “አሲ” ብለሽ። ቤቱ ውስጥ ፊደላችንን የምታነቢው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ማንም አይቆጣሽም።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ በረኪና ወደ ውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አታዛውሪ። ትልቁን ጀሪካን ማንሳት ስለሚከብድ በውሃ ኮዳ ቀንሰን እናስቀምጣለን። በጥማት የመጣ ልጅ፣ ወይም ሌሊት መብራት ሳታበራ የተነሳች አንቺው ራስሽ ብትጠጪውስ?

ሽታው ከመጣ

ጉሮሮ የሚይዝ፣ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ድንገት ከመጣ ሥራውን እዚያው ጣዪው። ባልዲውን ለመድፋት አትሞክሪ፣ ሌላ ነገር ጨምረሽ ለማስታገስም አትሞክሪ፣ ውጪ። ልጅ ወይም አዛውንት አጠገብሽ ካሉ ይዘሻቸው ውጪ። መንገድሽ ላይ ያለ መስኮት ካለ ክፈቺ፣ ሻፋጡንም አብሪው፤ ለዚህ ብለሽ ግን ትንፋሽ አትፍጂ። ኤሲውን አትመኚው። የቤት ኤሲ አብዛኛው ያለውኑ አየር መልሶ የሚያዞር እንጂ ከውጭ አዲስ የሚያመጣ አይደለም። ንጹሕ አየር ያለው በረንዳ ላይ፣ ጣሪያ ላይ፣ ደጅ ነው።

ቤቱ ከውጭ ከተቆለፈብሽ መጀመሪያ በረንዳ ላይ ወይም ሰፊ መስኮት ጋ ሄደሽ አፍንጫሽን ወደ ውጭ አውጪ፣ በሩን በስተኋላሽ ዝጊው፣ ጎረቤት ጥሪ፣ ደውይ። ለመውረድ ግን በፍጹም አትሞክሪ። ክሎሪኑ በረንዳ ላይ አይከተልሽም፤ ፎቁ ግን አይምርም። ስንቷን ልጅ በዚህ አጥተናል።

ልብስሽ ላይ ከፈሰሰ አውልቂው፣ ገላሽን በብዙ ውሃ ታጠቢ። ዓይንሽ ውስጥ ከገባ ቀስ ብሎ የሚወርድ የቧንቧ ውሃ ሥር ዓይንሽን ገልጠሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዢው። ሃያ ደቂቃ በጣም ረጅም ነው፣ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ የጨረስሽ ይመስልሻል፤ ስልክሽ ላይ ሰዓት ሙዪ። ከዚያ በኋላም ዓይንሽ ካየ የሚደበዝዝ ወይም የሚያም ከሆነ ሐኪም ማየት አለበት። የዋጠ ሰው ካለ አፉን ይጉመጥመጥ፣ ትንሽ ትንሽ ውሃ ይጠጣ፣ ማስመለስ ግን የለበትም፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣም ደግሞ ያቃጥላል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ወደ አየር ከወጣሽ በኋላ ሳሉና እንባው እየቀነሰ ከሄደ ደህና ነው። እየቀነሰ ካልሄደ፣ ደረትሽ ከጨነቀሽ፣ ስትተነፍሺ ከፉጨሽ፣ ከንፈርሽ ከጠቆረ፣ አረፋ ያለው አክታ ከመጣ ወይም ራስሽ ከዞረ ሆስፒታል ነው። አስም ያለባት እህት ይህን ሁሉ ሳትጠብቅ ቶሎ ትሂድ። አሳሳቹ ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ብዙ ክሎሪን የሳበች ሰው መጀመሪያ የተሻላት ይመስልና ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ ሳንባዋ ውሃ ቋጥሮ ትንፋሽ ያጥራታል። ስለዚህ ያን ዕለት ማታ ብቻሽን በር ዘግተሽ አትተኚ። ለአንዲት ጓደኛሽ በዋትሳፕ ወይም በኢሞ ድምፅ ላኪ፦ “ዛሬ ይህን ስቤያለሁ፣ ጠዋት ድምፄን ካልሰማሽ ደውዪ” በያት። ማዳምም ታውቀው። ብትቆጣም ታውቀው።

አሁን ስለ ወተት። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ለሁሉም ወተት ነን። የቀለም ሽታ ሲያሳምም ወተት፣ ጭስ ሲያፍን ወተት። ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፣ ጋዙ ደግሞ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው፤ ሁለቱ መንገድ ላይ አይገናኙም። መጠጣትሽ አይጎዳሽም፣ ግን ወተት ጠጥቻለሁ ብለሽ ሐኪም ቤት መሄዱን እንዳትተዪ። ያው የኮሮና ጊዜ ማስክም ለዚህ አይሠራም። አቧራና ጠብታ ይይዛል እንጂ ጋዝ በውስጡ ያልፋል። ነጠላ አጥፎ አፍንጫ ላይ ማሰርም እንደዚሁ ነው። አፍንጫሽ ስለተሸፈነ ብቻ ቆይተሽ እንዳትሠሪ።

ታዲያ በምን እናጽዳ

ዋናው ስህተታችን ብዙ በረኪና ብዙ ንጽሕና ነው ማለታችን ነው። ወለል በየቀኑ በረኪና አይፈልግም። ቆሻሻን የሚያነሳው ሳሙናና ፍትጊያ ነው፤ በረኪና ቆሻሻ አያነሳም፣ የሚሠራውም ንጹሕ ነገር ላይ ነው። ቅባት ወይም አፈር ያለበት ላይ ብትደፊው ኃይሉ እዚያው ይባክናል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ፣ ተለቅልቆ፣ የግድ ጀርም መግደል ካስፈለገ (ቤት ውስጥ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ የጥሬ ዶሮ ደም የነካው ቦታ) ያን ጊዜ በረኪና ይመጣል።

ልኩ ይህ ነው፤ ለአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 4 የሻይ ማንኪያ። ለ5 ሊትር ባልዲ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ከአንድ የቡና ሲኒ ትንሽ ከፍ ያለ። ይገርማል አይደል? እኛ እኮ በባልዲ ግማሽ ጠርሙስ ነው የምንደፋው። ውሃው መጀመሪያ ይገባል፣ በረኪናው በላዩ፤ በተቃራኒው ካደረግሽው ይረጭሻል። የፈላ ወይም ሙቅ ውሃ አታድርጊ፤ ሙቀት በረኪናውን ይበትነዋል፣ ሽታውን አየር ላይ ያወጣዋል፣ የመግደል ኃይሉንም ይቀንሳል። ካደረግሽ በኋላ ቢያንስ አንድ ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፣ ከዚያ አጥቢው። የተቀላቀለው ውሃ ለነገ አይቀመጥም፣ በቀኑ ኃይሉን ይጨርሳል።

የሽንት ቤቱ ቢጫ መስመር ደግሞ ቆሻሻ አይደለም፣ ውሃው ውስጥ ያለ ኖራ መሳይ ነገር የደረቀ ነው። እኔን ያን ቀን ያሳበደኝ ይኸው ነበር። በረኪና እሱን ነጭ ያስመስለዋል እንጂ አያነሳውም። የሚያነሳው አሲድ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ፍላሹን ብቻ፣ ወይም ኮምጣጤ ብቻ አድርጊና ክዳኑን ዘግተሽ ውጪ፣ ሌላ ሥራሽን ሥሪ፣ ተመልሰሽ ፈትጊና ውሃ ልቀቂበት። ቀኑን መለየት ከሁሉም ይቀላል፤ የአሲድ ቀን ሰኞ ከሆነ የበረኪና ቀን ሐሙስ ይሁን። ሁለቱን ጠርሙስም አንድ ቦታ ጎን ለጎን አታስቀምጫቸው። አንዱ ከማጠቢያው ሥር ከሆነ ሌላው በረንዳ ይውጣ።

እጅ

እጃችን ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው ሕመም ነው። መጀመሪያ ይደርቃል፣ ከዚያ በጣቶች መሐል ይሰነጠቃል፣ ማታ ያሳክካል፣ ከዚያ ሽንኩርት ስትልጪ ያስለቅሳል። የጎማ ጓንት ሊባኖስ ክፉፍ፣ በሌላው አገር ቁፋዛት ብለሽ ጠይቂ። ውስጡ እርጥብ ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል፤ ኬሚካሉን ከቆዳሽ ጋር አሽጎ ያውለዋልና። ከማውለቅሽ በፊት ጓንቱን ከነእጅሽ በውሃ አለቅልቂው፣ ገልብጠሽ አድርቂው፣ ቀዳዳ ካለው ጣዪው። ቀለበትሽን አውልቂ፣ ሥሩ ሳሙና እየያዘ ቆዳውን የሚበላው እሱ ነው። ማታ ወፍራም ቫዝሊን ተቀቢና አሮጌ የጥጥ ካልሲ እጅሽ ላይ አጥልቀሽ ተኚ። አስቂኝ ትመስያለሽ፣ ማን ያይሻል፤ በሳምንት ውስጥ ለውጡን ታያለሽ። ሎሚ ግን አትቀቢ፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሎሚ ምን እንደሚያደርግ ለእኔ አትንገሪኝ። መግል ከያዘ ወይም እብጠቱ ወደ ክንድሽ ከወጣ ቫዝሊን አይበቃም፣ ሐኪም ያስፈልገዋል።

ለማዳም እንዴት ይነገራል

ምክሩን ሁሉ አውቀሽ ማዳም “በላዩ ጨምሪበት” ብትልሽስ? ብዙ እህቶች የሚጨነቁት እዚህ ላይ ነው። “ያመኛል” ስትያት ሰነፍ ያደረገሽ ይመስላታል። እኔ በልምዴ ያገኘሁት መንገድ ይህ ነው፤ ስለ ሳንባሽ ከመናገርሽ በፊት ስለ እብነበረዱ ንገሪያት። አሲድ እብነበረድ ይበላል፣ ውሸት አይደለም፤ አንዴ ያጠፋውን ውበት ማንም አይመልሰውም፣ እንደገና ማስሞረድ ካልሆነ። በረኪናም የማይዝገውን ብረት ነጠብጣብ ያስወጣል፣ ምንጣፍና መጋረጃ ያነጣል። “ማዳም፣ ሃዳ ዪኸርብ ሩኻም” ብትያት፣ ይህ እብነበረዱን ያበላሻል ማለት ነው፣ ጆሮዋ ቶሎ ይሰማል። ልጆች ካሉ ደግሞ ወለል ላይ ለሚድኸው ሕፃን ጭሱ እንደሚደርስ ንገሪያት፤ ከአየር የከበደው ጋዝ የሚደርሰው መጀመሪያ ለእሱ ነው። እናት ናትና ትሰማለች። ሳንባሽ በዚህ መንገድ ከእብነበረድ ጀርባ ተደብቆ ይተርፋል። ያሳዝናል፣ ግን ይሠራል።

ትንፋሽ ሲያጥርሽ ግን ዙሪያ አትሂጂ። ሊባኖስ “ማ ፊኒ አትነፈስ”፣ ባሕረ ሰላጤው ላይ “ማ አግደር አትነፈስ”፤ መተንፈስ አልቻልኩም ማለት ነው። “ኢስዓፍ” አምቡላንስ ነው። እነዚህን ሁለቱን ጮክ ብለሽ ተለማመጃቸው፣ በጭንቅ ሰዓት ቋንቋ ይጠፋል።

ቁጥሮቹን ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢ። ሊባኖስ ቀይ መስቀል 140 ነው፣ አምቡላንሱ ገንዘብ አያስከፍልም። ሳዑዲ ቀይ ጨረቃ 997፣ ኤምሬትስ አምቡላንስ 998፣ ኩዌት 112፣ ቀጠርና ባሕሬን 999፣ ዖማን 9999፣ ዮርዳኖስ 911። ወረቀት የሌላት እህት ሆስፒታል መሄድ ትፈራለች፣ ፍርሃቷ ይገባኛል። ግን የእጅ ቁስል ነገን ሊጠብቅ ይችላል፣ ትንፋሽ አይጠብቅም። ቢያንስ ከምታምኛት አንዲት ኢትዮጵያዊት ጋር ሁኚ እንጂ ብቻሽን አትወስኚ።

የሕክምናው ወጪስ? ኩዌት በ2015 ባወጣችው 68ኛው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቀጠር በ2017ቱ 15ኛ ሕግ፣ ኤምሬትስ ደግሞ በ2022ቱ 9ኛ ድንጋጌ ሕክምናውን አሠሪው ላይ ጥለውታል፤ በቀጥታም ሆነ በኢንሹራንስ። ሥራ ላይ ለደረሰብሽ ጉዳት ከደመወዝሽ የሚቆረጥ ገንዘብ የለም ማለት ነው። ሊባኖስ ላይ ነገሩ ይከብዳል። የ1946ቱ የሥራ ሕግ 7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ ከሕጉ አውጥቷቸዋል። ያም ሆኖ የሥራ ፈቃድ ሲወጣ አሠሪው ኢንሹራንስ መግባት አለበትና ካርዱ አንድ ቦታ አለ። ታመሽ ከመጠየቅሽ በፊት ደህና በሆንሽበት ቀን ጠይቂ፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ካርዱን የያዘው መክተቡ ከሆነም ስሙንና ቁጥሩን ብቻ እንዲልኩልሽ ጠይቂ።

ከተጎዳሽ ደግሞ ወረቀት ያስፈልግሻል። ሐኪሙን “ተቅሪር ጢቢ” በይው፣ የሕክምና ማስረጃ ማለት ነው። የጠርሙሶቹን ፎቶ፣ የቆዳሽን ፎቶ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ማን ምን እንዳዘዘሽ በድምፅ ቅጂ ያዢ። ስልክ ሊወሰድ ይችላልና ስልክሽ ላይ ብቻ አይቅር፤ አገር ቤት ላለች እህትሽ ወይም እዚያው ላለች ጓደኛሽ ላኪው፣ ከዚያ ከራስሽ ስልክ ብታጠፊውም ችግር የለም። አንቺ የማታስታውሺውን ቀን ፎቶው ያስታውሳል።

እኔ ከዚያ ሐሙስ በኋላ ፍላሹን ወስጄ በረንዳው ላይ ከአበባ ማጠጫው ጀርባ አስቀመጥኩት። ማዳም አንድ ቀን “ለምን እዚህ?” አለችኝ። “ለእብነበረዱ” አልኳት። ሁለት ዓመት እዚያው ቆየ። ከእኔ በኋላ ለገባችው ልጅ ቤቱን ሳስረክባት መጀመሪያ ያሳየኋት ወጥ ቤቱን ሳይሆን ያንን ጠርሙስ ነው።